ያረጀ ኮምፒዩተር፣ የተሻለ ፕሮሰሰር፤ ሒሳቡ ያዋጣል?

ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ላይ በአየር ጤናም ሆነ በ18 ማዞሪያ፣ በቤቴልም ሆነ በዓለም ባንክ፣ የወረዳ ጽሕፈት ቤት ባለበት መንገድ ዳር የሚታየው ነገር ተመሳሳይ ነው። አንዱ ማመልከቻ ያስጽፋል፣ ሌላው መታወቂያውን ፎቶ ኮፒ ያስነሳል፣ ሦስተኛው የፓስፖርት ቅጽ በኢንተርኔት ለማስሞላት ተራውን ይጠብቃል። ይህን ሁሉ ሰው የምታስተናግደው አንዲት ጠባብ ቤት ናት። በውስጧ አንድ ማተሚያ፣ አንድ ፎቶ ኮፒ ማሽንና አንድ ያረጀ ኮምፒዩተር ይገኛሉ።

በኮልፌ ቀራኒዮ ክፍለ ከተማ እንዲህ ባለ ሥራ የሚተዳደረው ሰው ጥቂት አይደለም። የቤቱ ኪራይ፣ የመብራቱ፣ የቀለሙና የወረቀቱ ወጪ፣ የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ ጭምር የሚወጣው ከዚያች አንዲት ማሽን ነው። ማሽኗ ስትንቀራፈፍ ደንበኛው ብዙ አይታገሥም። መንገዱን ተሻግሮ ከሌላው ቤት ይገባል። በዚህ ንግድ ላይ የዘገየ ኮምፒዩተር የዘገየ ገቢ ማለት ብቻ ሳይሆን የሄደ ደንበኛ ማለት ነው።

መፍትሔው አዲስ ኮምፒዩተር መግዛት እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ችግሩ ዋጋው ነው። በመሆኑም ብዙዎች ወደ ሌላ አማራጭ ያማትራሉ፤ ሳጥኑን እንዳለ ትቶ በውስጡ ያለውን ፕሮሰሰር ብቻ በተሻለ መቀየር። ሐሳቡ መጥፎ አይደለም። በአንዳንድ ማሽኖች ላይ በጥቂት ወጪ የሥራውን ፍጥነት በእጥፍ ሊያሳድግ ይችላል። በሌሎች ላይ ግን የተከፈለው ገንዘብ ምንም ሳይጠቅም ይቀራል። ልዩነቱን የሚያመጣው ዕድል አይደለም፤ ከግዥው በፊት ሊታወቁ የሚችሉ ጥቂት ነገሮች ናቸው።

ገበያውን የቀየሩ ሁለት ቀኖች

ጥያቄው ዛሬ የበለጠ አንገብጋቢ የሆነው በሁለት ምክንያቶች ነው።

የመጀመሪያው የውጭ ምንዛሪ ነው። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን አደረገ። ከዚያ ዕለት በፊት በባንኮች 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር፣ በ2017 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ከ130 ብር በላይ ደርሷል። የኮምፒዩተር ዕቃ በሙሉ ከውጭ የሚገባ በመሆኑ ትርጉሙ ግልጽ ነው። በውጭ ገበያ 25 ዶላር የሚያወጣ ዕቃ በ57 ብር ሲመነዘር 1,425 ብር ነበር። በ130 ብር ሲመነዘር ግን 3,250 ብር ይሆናል። ማጓጓዣው፣ ቀረጡና የነጋዴው ትርፍ ገና አልተጨመሩም። 200 ዶላር የሚያወጣ ሙሉ ኮምፒዩተር ደግሞ በዚሁ ስሌት ከ11,400 ብር ወደ 26,000 ብር ከፍ ይላል። ጭማሪው በመቶኛ እኩል ቢሆንም በአነስተኛ ነጋዴ ኪስ ላይ ያለው ክብደት እኩል አይደለም። የመጀመሪያውን የአንድ ሳምንት ገቢ ሊሸፍነው ይችላል፤ ሁለተኛው ዕቁብ ወይም ብድር ይጠይቃል።

ሁለተኛው ምክንያት ከማይክሮሶፍት ኩባንያ የመጣ ነው። ኩባንያው ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ የጥገናና የደኅንነት ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ለግል ተጠቃሚዎች በወቅቱ ያስተዋወቀው ማራዘሚያም የአንድ ዓመት ብቻ ነው። ተተኪው ዊንዶውስ 11 ደግሞ ያገኘው ማሽን ላይ ሁሉ አይጫንም። በኩባንያው መመዘኛ መሠረት ከኢንቴል 8ኛው ትውልድ፣ ከኤኤምዲ ደግሞ የራይዘን 2000 ተከታታይ ወይም ከዚያ በኋላ የወጣ ፕሮሰሰር ያስፈልገዋል። ቲፒኤም 2.0 የተባለው የደኅንነት ክፍልና ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራምም ይጠይቃል።

ይህ ጉዳይ የትልልቅ መሥሪያ ቤቶች ብቻ አይደለም። የኢንተርኔት መክፈቻው ጉግል ክሮም በ2015 ዓ.ም. አጋማሽ ላይ ለዊንዶውስ 7 አዲስ ቅጂ ማውጣቱን ሲያቆም፣ በዚያ ሥርዓት ላይ የቀሩ ማሽኖች ከጊዜ ወደ ጊዜ አንዳንድ ድረ ገጾችን በትክክል መክፈት እየተሳናቸው ሄዷል። ቅጽ በኢንተርኔት እየሞላ ለሚተዳደር ቤት ይህ ከገበያ የመውጣት ያህል ነው። ዊንዶውስ 10 ላይ ያሉ ማሽኖችም በተመሳሳይ መንገድ ላይ ናቸው።

“ሲፒዩ” የቱ ነው?

ወደ ገበያው ከመውጣት በፊት አንድ የስም ነገር መጥራት አለበት። በአዲስ አበባ የኮምፒዩተር ገበያ “ሲፒዩ” ሲባል ብዙ ጊዜ ሳጥኑን በሙሉ ማለት ነው። “ሲፒዩውን ብቻ ያለ ሞኒተር ስንት ነው?” የሚለው ጥያቄ የተለመደ ነው። በትክክለኛ ትርጉሙ ግን ሲፒዩ ማለት ፕሮሰሰሩ ራሱ ነው። ከክብሪት ቀፎ ብዙም የማይበልጥ ስፋት ያለው፣ ማዘርቦርዱ ላይ ተቀምጦ ከላዩ ማቀዝቀዣና ማራገቢያ የተጫነበት ጠፍጣፋ ዕቃ ነው። “ሲፒዩ ቀይርልኝ” ያለ ደንበኛና ያንን የሰማ ጠጋኝ ስለ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ሊያወሩ ስለሚችሉ፣ “ፕሮሰሰሩን” ብሎ ለይቶ መናገሩ ክርክርን ያስቀራል።

ሌላው የሚያሳስተው “ኮር አይ 7” የሚለው አጠራር ነው። ሻጭ “አይ 7 ነው” ሲል ብዙ ሰው ሌላ ጥያቄ ሳያነሳ ኪሱን ይዳብሳል። ይሁንና ኢንቴል የመጀመሪያዎቹን አይ 7 ፕሮሰሰሮች ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። ዋናው ቁም ነገር ከስሙ ቀጥሎ ያለው ቁጥር ነው። አይ 7-2600 ሲባል የመጀመሪያዋ 2 የትውልዱ ቁጥር ናት፤ በገበያው ቋንቋ “ሁለተኛ ጄኔሬሽን” ነው። አይ 3-8100 ደግሞ 8ኛ ትውልድ ነው። ይህ በስሙ ዝቅ ያለ የሚመስለው አይ 3፣ እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣውን አይ 7-2600 በአብዛኛው ሥራ ይቀድመዋል። የሚፈጀው ኃይልም ያነሰ ነው። ስሙን ብቻ አይቶ የሚገዛ ሰው በታርጋው እንጂ በሞተሩ መኪና እንደማይገዛ ሰው ነው።

የሚወስነው መቀመጫው ነው

ማንኛውም ፕሮሰሰር በማንኛውም ማዘርቦርድ ላይ አይገባም። ፕሮሰሰሩ የሚያርፍበት መቀመጫ ሶኬት ይባላል። የትኛው ማሽን የትኛውን ፕሮሰሰር እንደሚቀበል በመጀመሪያ የሚወስነው እርሱ ነው።

ነገሩ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ኢንቴል 486 የተባለው ማሽን ላላቸው ሰዎች “ኦቨርድራይቭ” በሚል ስም መለወጫ ፕሮሰሰሮችን ይሸጥ ነበር። በ1995 በ486 ማዘርቦርድ ላይ የሚገጠም ፔንቲየም ኦቨርድራይቭ አውጥቷል። “ሶኬት 7” በተባለው መቀመጫ ላይ ደግሞ የኢንቴል፣ የኤኤምዲና የሳይሪክስ ፕሮሰሰሮች ይፈራረቁ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ኩባንያዎቹ በየራሳቸው መንገድ ሄዱ። ኢንቴልም በየጥቂት ዓመቱ መቀመጫውን መቀየር ልማዱ አደረገ።

በአውሮፓ፣ በአሜሪካና በባሕረ ሰላጤው አገሮች መሥሪያ ቤቶች አገልግለው ወደ ሁለተኛ እጅ ገበያ የሚወጡት የቢሮ ኮምፒዩተሮች በአብዛኛው የኢንቴል ናቸው። እንደ ዴል ኦፕቲፕሌክስና ኤችፒ ኮምፓክ ያሉት በሞዴል ቁጥራቸው ሊለዩ ይችላሉ።

ኦፕቲፕሌክስ 780 እና ኤችፒ ኮምፓክ 8000 ኢሊት ኤልጂኤ 775 የተባለው መቀመጫ አላቸው። መቀመጫው እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣ ሲሆን የሚቀበላቸው የኮር 2 ዱዎና የኮር 2 ኳድ ፕሮሰሰሮች ናቸው። ከባለ ሁለት ኮሩ ወደ ባለ አራት ኮሩ ማሳደግ ይቻላል። ነገር ግን የመቀመጫው ጣሪያ ራሱ ዝቅተኛ ነው። በእነዚህ ማሽኖች ላይ ብዙ ገንዘብ ማፍሰስ፣ ጣሪያው የሚያፈስ ቤት ውስጥ ምንጣፍ እንደመግዛት ይቆጠራል።

ኦፕቲፕሌክስ 790 እና 990፣ እንዲሁም ኤችፒ ኮምፓክ 6200 እና 8200 እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው ኤልጂኤ 1155 ናቸው። በዚህ መቀመጫ 2ኛውም 3ኛውም ትውልድ ይገባሉ ተብሎ በሰፊው ይነገራል። ወጥመዱ እዚህ ላይ ነው። የተጠቀሱት ሞዴሎች የተሠሩበት ኪው 65 እና ኪው 67 የተባለው ቺፕሴት 3ኛውን ትውልድ አይቀበልም። አይ 7-3770 ገዝቶ ኦፕቲፕሌክስ 790 ላይ የሚሞክር ሰው መቀመጫው ልክ ሆኖ፣ ፕሮሰሰሩ ገጥሞ፣ ማሽኑ ግን ሲለኮስ ዝም ሲል ያገኘዋል። በዚያ ማሽን ላይ ትክክለኛው መለወጫ አይ 7-2600 ነው። 3ኛውን ትውልድ የፈለገ ኦፕቲፕሌክስ 7010 ወይም ኤችፒ 8300 ሊኖረው ይገባል።

ተመሳሳይ ወጥመድ በኤልጂኤ 1151 ላይም አለ። 6ኛው፣ 7ኛው፣ 8ኛውና 9ኛው ትውልድ በስም አንድ መቀመጫ ይጋራሉ። ሆኖም ለ6ኛውና ለ7ኛው የተሠራ ማዘርቦርድ 8ኛውን አያስነሳም። ለዊንዶውስ 11 ሲል የ6ኛ ትውልድ ማሽኑ ላይ የ8ኛ ትውልድ ፕሮሰሰር ሊገጥም ያሰበ ሰው ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ይህን ማወቅ አለበት።

ከዚህ የሚወጣው መደምደሚያ አንድ ነው። እስከ 7ኛው ትውልድ ባሉ የኢንቴል ማሽኖች ላይ ፕሮሰሰር በመቀየር ፍጥነት ሊገኝ ይችላል፤ የዊንዶውስ 11 መግቢያ ፈቃድ ግን አይገኝም። በፕሮሰሰር ለውጥ ብቻ ያንን በር ማለፍ የሚችሉት ኤኤም 4 የተባለው የኤኤምዲ መቀመጫ ያላቸው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣው ራይዘን 1000 የተሠራ ማሽን በመመዘኛው አያልፍም። በዚያው ማዘርቦርድ ላይ የራይዘን 3000 ወይም 5000 ፕሮሰሰር ሲገጠም፣ የቦርዱ መነሻ ፕሮግራም ወይም ባዮስ እስከታደሰ ድረስ ያልፋል።

ጥፋተኛው ማነው?

መቀመጫው ቢፈቅድም ሌላ ጥያቄ ይቀራል። ማሽኑ የዘገየው በእርግጥ በፕሮሰሰሩ ምክንያት ነው ወይ?

ይህን ለማወቅ ገንዘብም ባለሙያም አያስፈልግም። ማሽኑ በሚንቀራፈፍበት ሰዓት ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤስኬፕ የተባሉትን ቁልፎች በአንድነት ሲጫኑ ታስክ ማናጀር የሚባለው ሰሌዳ ይከፈታል። በላዩ ላይ ሲፒዩ፣ ሜሞሪና ዲስክ ተብለው የተጻፉ ሦስት ቁጥሮች በመቶኛ ይታያሉ። ዲስኩ 100 በመቶ ተይዞ ሲፒዩው 20 በመቶ ላይ ቁጭ ካለ ፕሮሰሰሩ ሥራ ፈትቶ ዲስኩን እየጠበቀ ነው። ሜሞሪው 90 በመቶ ካለፈ የጎደለው ራም ነው። ሲፒዩው ደቂቃዎችን ቆጥሮ 100 በመቶ ላይ ከቆየ ብቻ ነው ፕሮሰሰሩ የሚከሰሰው።

በጽሕፈትና በፎቶ ኮፒ ቤት ብዙ ጊዜ ጥፋተኛ ሆኖ የሚገኘው አሮጌው ሃርድ ዲስክ ነው። ሃርድ ዲስክ የሚሽከረከር ሰሌዳና የሚንቀሳቀስ ንባብ ያለው ዕቃ ነው። የተበታተኑ ፋይሎችን ሲፈልግ በሰከንድ ከ100 ብዙም የማይበልጥ ጊዜ ያነባል። ተንቀሳቃሽ ክፍል የሌለው ኤስኤስዲ ግን ያንኑ በሰከንድ በአሥር ሺዎች ጊዜ ይሠራል። መብራት በሄደና በመጣ ቁጥር ማሽኑን እንደገና ለሚያስነሳ የኮልፌ ነጋዴ ልዩነቱ በየቀኑ የሚታይ ነው። ለእንዲህ ያለው ቤት ኤስኤስዲና ተጨማሪ 4 ጊጋባይት ራም ከማንኛውም ፕሮሰሰር ይቀድማሉ። ራም ሲገዛም የአሮጌዎቹ ማሽኖች ዲዲአር 3 እንደሆነና ዲዲአር 4 በዚያ ላይ እንደማይገባ ማስታወስ ያሻል።

የሠርግና የልደት ቪዲዮ የሚያቀናብሩ ቤቶች ጉዳይ ይለያል። ቪዲዮ አቀናብሮ በመጨረሻ ማውጣት የፕሮሰሰር ሥራ ነው። ሁሉም ኮሮች ለሰዓታት 100 በመቶ ይይዛሉ። በኦፕቲፕሌክስ 790 ላይ ባለ ሁለት ኮሩን አይ 3-2100 አውጥቶ ባለ አራት ኮሩን አይ 7-2600 ማስገባት ይህን ሰዓት ወደ ግማሽ ገደማ ሊያወርደው ይችላል። የፕሮሰሰር ለውጥ ገንዘቡን የሚመልሰው እዚህ ላይ ነው። ያም ሆኖ ገደብ አለው። የአዶቤ ፕሪሚየር ፕሮ አዳዲስ ቅጂዎች ቢያንስ የኢንቴል 6ኛ ትውልድን ይጠይቃሉ። አዲሱን ቅጂ ለመጠቀም ያሰበ አቀናባሪ የ2ኛ ትውልድ ማሽን ላይ ገንዘብ ባያወጣ ይመረጣል።

የሱቁ ሒሳብ

ከዚህ በኋላ ያለው ንጹሕ ሒሳብ ነው። አንድ ባለቤት ለፕሮሰሰሩና ለሥራው 6,000 ብር ያወጣል ተብሎ ለስሌት ያህል ይያዝ። ማሽኑ በሰዓት 80 ብር የተጣራ ገቢ ያስገባል፣ በወርም 26 ቀን ይሠራል ይባል። ለውጡ በቀን ግማሽ ሰዓት የሥራ ጊዜ ካተረፈለት በቀን 40 ብር፣ በወር 1,040 ብር ያገኛል። ያወጣው ገንዘብ በ6 ወር ገደማ ይመለሳል። ለአነስተኛ ንግድ ይህ መልካም ውጤት ነው።

ለውጡ በቀን ያተረፈው 5 ደቂቃ ብቻ ከሆነ ግን በወር የሚገኘው 173 ብር ገደማ ነው። 6,000 ብር ለመመለስ ወደ 3 ዓመት ይወስዳል። ያን ጊዜ ማሽኑ ራሱ በሕይወት ስለመኖሩ ዋስትና የለም። ስሌቱን እያንዳንዱ ባለቤት በራሱ ቁጥር መልሶ ሊሠራው ይችላል። የሚያስፈልገው አንድ ሳምንት ያህል ደንበኛ ስንት ደቂቃ በማሽኑ ምክንያት እንደጠበቀ በደብተር መመዝገብ ነው።

በሒሳቡ ውስጥ የሚረሳ አንድ ወጪም አለ። አይ 3-2100 ከፍተኛ የሙቀት መጠኑ 65 ዋት ሲሆን አይ 7-2600 ግን 95 ዋት ነው። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ የመብራት ታሪፍ በየሩብ ዓመቱ ከፍ እንዲል በመደረጉ ቀኑን ሙሉ ቪዲዮ ለሚያወጣ ቤት ይህ ልዩነት በቢሉ ላይ መታየቱ አይቀርም። ጠባብ ሳጥን ያላቸው ትንንሽ ሞዴሎች ደግሞ ይህን ሙቀት ለማስወጣት ይቸገራሉ።

ከሁሉም አማራጮች ጋር መወዳደር ያለበት የመጨረሻው ጥያቄ ይህ ነው። ለፕሮሰሰር፣ ለራምና ለኤስኤስዲ የሚወጣው ድምር ያገለገለ የ8ኛ ትውልድ ኮምፒዩተር ዋጋ ግማሽ ከደረሰ፣ አሮጌውን ሸጦ በላዩ ጨምሮ መግዛቱ የተሻለ ይሆናል። ምክንያቱም ያኛው ዊንዶውስ 11 ይጭናል፤ ይኼኛው ምንም ቢደረግ በመመዘኛው አያልፍም።

ወደ ሊኑክስ የመሻገር አማራጭም አለ። ነፃ ነው፣ ለአሮጌ ማሽንም አይከብድም። ለጽሕፈት ቤቶች ግን አንድ ችግር አለው። የግዕዝ ፊደል በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ ሥርዓት የተካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ በቪዥዋል ግዕዝና በመሰል ፕግራሞች የተጻፉ የውል፣ የውክልናና የማመልከቻ ናሙናዎች በየቤቱ ተከማችተዋል። ፊደሎቹ በሌላ ማሽን ላይ ሲከፈቱ የማይነበብ ምልክት ይሆናሉ። ለዓመታት የተጠራቀመ የናሙና ክምችት ደግሞ የቤቱ ሀብት ነው።

ግዥው ላይ ጥንቃቄ

ለኮልፌ ነዋሪ ቅርቡ ገበያ መርካቶ ነው። ከሁለተኛ እጅ የኮምፒዩተር ዕቃዎች መካከል ፕሮሰሰር አደጋው ከሚያንሱት አንዱ ነው። የሚንቀሳቀስ ክፍል ስለሌለው በአገልግሎት ብዛት አይደክምም። ያገለገለ ሃርድ ዲስክ መግዛት ያስፈራል፤ ያገለገለ ፕሮሰሰር መግዛት ያን ያህል አያስፈራም። ቢሆንም መታየት ያለበት ይታይ። በብረት ክዳኑ ላይ የተቀረጸው ሞዴል ከተባለው ጋር አንድ መሆን አለበት። ስሙ ሳይኖር “ኢንቴል ኮንፊደንሻል” የሚል ጽሑፍ ያለበት ለሙከራ የተሠራ እንጂ ለሽያጭ የወጣ አይደለም። የሚበጀው ማሽኑን ይዞ ሄዶ ሻጩ ፊት ማስገጠም፣ ሲፒዩ-ዚ በተባለው ነፃ ፕሮግራም ማንነቱን ማረጋገጥና ደረሰኝ ላይ የመመለሻ ቀን ማስጻፍ ነው።

በመግጠሙ ጊዜ ብዙ ጥፋት የሚደርሰው በችኮላ ነው። ባዮስ መታደስ ካለበት የሚታደሰው አሮጌው ፕሮሰሰር ሳይወጣ ነው። በዚያ መሃል መብራት ከጠፋ ማዘርቦርዱ ሊሞት ስለሚችል ያለ ዩፒኤስ መሞከር የለበትም። በኢንቴል ማሽኖች ላይ ቀጫጭኖቹ መርፌዎች ያሉት በማዘርቦርዱ መቀመጫ ውስጥ ነው። አንዷ ከተጣመመች ቦርዱ ሊበላሽ ይችላል። የፕሮሰሰሩና የመቀመጫው ጥግ ላይ ያሉት የሦስት ማዕዘን ምልክቶች ከገጠሙ ፕሮሰሰሩ ሳይገፋ በራሱ ይቀመጣል። የሚገፋ ከሆነ ተሳስቷል። አሮጌው ፔስት የሚባለው ሙቀት አስተላላፊ ቅባት በንጹሕ አልኮል ተጠርጎ በአዲስ ይተካል። በማቀዝቀዣው ላይ የተጋገረው አቧራም በብሩሽ ይጸዳል። አንዳንድ ጊዜ ዘገምተኛ የተባለ ማሽን አቧራውና ፔስቱ ብቻ ተቀይሮለት የሚነቃበት አጋጣሚ አለ። ፕሮሰሰር ሲግል ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ስለሚቀንስ ነው። ይህ ወጪው እጅግ አነስተኛ በመሆኑ ከሁሉም በፊት ሊሞከር የሚገባው ነው። “ቆጥ አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች” የሚለው ተረት የሚደርሰው ይህን ሳይሞክር ሶኬቱን የሚከፍት ላይ ነው።

የወጣው ዕቃ ወዴት ይሄዳል?

ከመቀየሩ ወይም ከመጣሉ በኋላ የሚተርፈው ዕቃ ብዙ ጊዜ ለቆራሌው በኪሎ ይሸጣል። የማይሸጠው ከቆሻሻ ጋር ይወጣል። ለኮልፌ ቀራኒዮ ነዋሪ ይህ ሩቅ ጉዳይ አይደለም። ለአሥርት ዓመታት የከተማዋ ቆሻሻ ሲከመርበት የኖረው የረጲው ቆሼ የሚገኘው እዚያው ክፍለ ከተማ ውስጥ ነው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተደርምሶ ከ110 በላይ ሰዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል። በነሐሴ 2010 ዓ.ም. ደግሞ ከቆሻሻ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው የረጲ ጣቢያ ተመርቋል። አሮጌ ማዘርቦርዶችና ወፍራሞቹ የድሮ ሞኒተሮች እርሳስ የተባለውን መርዛማ ማዕድን ይይዛሉ። አንድ ማሽን ተጨማሪ ሦስት ዓመት እንዲሠራ ማድረግ ለባለቤቱ ቁጠባ ብቻ ሳይሆን ለሰፈሩም የሚተርፍ ነገር አለው። የወጣው ፕሮሰሰር ራሱ የሚጣል አይደለም። ከእርሱ ያነሰ ማሽን ላለው ሰው መለወጫ ይሆናልና ሻጩ ዋጋ ቆርጦለት እንዲቀበል መደራደር ይቻላል።

በአጠቃላይ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው። መጀመሪያ አቧራውንና ፔስቱን ማየት፣ ቀጥሎ ታስክ ማናጀርን መጠየቅ፣ ዲስክና ራም ጥፋተኛ ከሆኑ እነርሱን መቀየር። ፕሮሰሰሩ ጥፋተኛ ሆኖ ከተገኘ መቀመጫውንና ቺፕሴቱን አጣርቶ፣ ገንዘቡ በስንት ወር እንደሚመለስ አስልቶ መግዛት። ከዓመት በላይ የሚወስድ ከሆነ ግን ያንኑ ገንዘብ ለተሻለ ማሽን መነሻ አድርጎ ዕቁብ ውስጥ ማስገባቱ ይመረጣል። ከወረዳው በር ላይ ተራውን የሚጠብቀው ደንበኛ በሳጥኑ ውስጥ ያለውን የፕሮሰሰር ስም አይጠይቅም። የሚጠይቀው ማመልከቻው ቢሮው ለምሳ ከመዘጋቱ በፊት ይደርስለት እንደሆነ ነው።